እስከ ሙሽራዋ ጉድጓድ

ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ሐጅ ሸውቂ ፊታቸውን በጥፊ መምታት ይጀምራሉ።

ሰዓቱን ዝንፍ አያደርጉም። የሳሎኑ ሰዓት ባትሪ ጨርሶ ሦስት ቀን ቆሞ በነበረ ጊዜ እንኳ እሳቸው አልቆሙም። ምሳቸውን በልተው፣ ትንሽ አሸልበው፣ ፀሐይዋ ከጓሮው የሎሚ ዛፍ ወዲያ ዘወር ስትል ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያ በአረብኛ አንድ ነገር ይሉና ቀኝ ጉንጫቸውን ጧ! ሌላ ነገር ይሉና አሁንም ጧ! ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው። ክንዳቸው ከመቅጠኑ የተነሣ የእጅ ሰዓታቸው እስከ ክርናቸው ይንሸራተታል፤ ጥፊው ግን የጎረምሳ ጥፊ ነው።

አይናዲስ ይህን ሰዓት መፍራት የምትጀምረው ገና ከምሳ ነው። ሳህን እያጠበች ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። የሎሚው ጥላ አጥሩ ጋ ሲደርስ ቧንቧውን ዘግታ ጆሮዋን ታቆማለች። ሽማግሌ ሲቃዥ ማየት ሥራዋ ነው። የእኚህኛው ግን ቅዠት አይመስልም ነበር። ቅዠት እንዲህ ሰዓት አያከብርም።

ቤቱ ኦክላንድ ውስጥ፣ ከማካርተር ጎዳና ገባ ብሎ፣ ፍሪዌዩ፣ ትልቁ የመኪና መንገድ፣ ቀን ከሌት የሚያጉረመርምበት ሰፈር ያለ ባለ ስድስት አልጋ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ባለቤቷ እትዬ ውባየሁ «ቦርድ ኤንድ ኬር» ብለው ሲጠሩት ቤተ መንግሥት ያስመስሉታል፤ ሁለቱ አልጋ የገባው ግን ጋራዥ የነበረው ክፍል ውስጥ ነው። ቢሆንም ንጹሕ ቤት ነው። ሰው አይጮኽበትም፣ ሰው አይራብበትም። እንዲህ ያለ ቤት በቀላሉ እንደማይገኝ አይናዲስ ጠንቅቃ ታውቃለች።

ሐጅ ሸውቂን ባለፈው መስከረም ያመጣቻቸው የልጅ ልጃቸው ሉብና ናት። ሳን ሆዜ ተወልዳ ያደገች፣ ሳኒቬል ቢሮ የምትሠራ፣ ስትናገር የምትቸኩል ልጅ ናት። አረብኛ ትሰማለች እንጂ ብዙም አትናገርም፤ የእኛዎቹ ልጆች አማርኛ ላይ እንደሚሆኑት። አባቷ የሐጅ የመጀመሪያ ልጅ ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። አያትየው ግን ከጋዛ አልነቃነቅም ብለው እዚያው ኖሩ፣ ሚስታቸውና ታናሹ ልጃቸው ከነቤቱ አንድ ቀን እስኪጠፉ ድረስ። በግብፅ በኩል ሲወጡ ካይሮ ላይ ስትሮክ መታቸው። ከዚያ ወዲህ ወሬ አያወሩም። ውኃ፣ ዳቦ፣ ብርድ፣ አመሰግናለሁ፤ በቃ ይኸው ነው።

የዚያን ቀን ሉብና ሻንጣቸውን አልጋው ሥር አስገብታ አይናዲስን ኮሪደሩ ላይ ያዘቻት።

«አረብኛ ትችላለች አሉኝ።»

«የቤይሩት ነው። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። የወጥ ቤት አረብኛ ነው የኔ።»

«ይበቃል» አለች ሉብና። «ስሚኝ። አያቴ መምህር ነበር። የተወለደበት መንደር ዛሬ የለም። በአሥር ዓመቱ ነው ያባረሯቸው፤ መንደሩን አፍርሰው ጥድ ተከሉበት። እሱ ጋዛ ሆኖ አርባ ዓመት ሙሉ ስለዚያ መንደር ሲጽፍ ኖረ፤ አራት ትልልቅ ደብተር። አንዱን ኮፒ ለከተማው ቤተ መዛግብት፣ አንዱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጥቶ ነበር። ቤተ መዛግብቱ ተቃጠለ። ዩኒቨርሲቲው ፈረሰ። ቤቱም ከነደብተሩ ሄደ። አብረውት ያደጉት ሁሉ ሞተዋል። አሁን ያ መንደር የቀረው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው።» ጣቷን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ስለ መንደሩ አንድ ነገር ካለ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሪከርድ አድርጊልኝ። ፕሊዝ።»

«እቀዳልሻለሁ» አለች አይናዲስ፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

ከልቧ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳ ከሽርጧ ኪስ ተለይቶ አያውቅም። ሐጅን ስታጥባቸው፣ ስታለብሳቸው፣ ጫማቸውን ስታስርላቸው ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች። የምትጠብቀው እሷ የምታውቀውን ዓይነት ወሬ ነበር፤ «እኛ ቤት እኮ»፣ «እናቴ እኮ»፣ «ልጅ ሆኜ ምንጩ ዳር» የሚል። እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው አልወጣም። የመንደራቸውን ስም እንኳ አንድ ቀን አልጠሩም። የሚናገሩት አሥር ሰዓት ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ያ ጥፊ ያለበት ነገር ነው።

ጉዱ ደግሞ ቃላቱን አንድ ባንድ ማወቋ ነው። «የጅብ በለስ» ይላሉ፤ ጧ! «የዕውሩ በር» ጧ! «የአህያዋ ኮርቻ» ጧ! የጅብን አረብኛ የምታውቀው ከቤይሩት ማዳሟ ልጆች የተረት መጽሐፍ ነው፤ በለስን ከገበያ፣ ኮርቻን ከየት እንደሆነ እንጃ። ቃላቱን ባታውቃቸው ኖሮ «አልገባኝም» ብላ ለሌላ ሰው ታስተላልፈው ነበር። ስለገባት ግን ማንም ሌላ ሰው አልተጠየቀም።

በየአሥራ አምስት ቀኑ በታብሌት የምታያቸው ነርስ አንድ ቀን በአሥር ሰዓት ገባች። ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ አየቻቸው።

«ምንድን ነው የሚሉት?»

«ምንም» አለች አይናዲስ። «ጅብ፣ በለስ፣ አህያ፣ እባብ። ትርጉም የለውም። ዝም ብሎ ቃል ነው።»

ነርሷ ራሷን ነቀነቀችና ጻፈች። «ሰንዳውኒንግ» አለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አረጋውያን የሚይዛቸው መረበሽ ማለት ነው። አይናዲስም ቃሉን ከኮርስ ታውቀው ነበርና ቀለል አላት። ስም ያለው ነገር ያን ያህል አያስፈራም።

ካሊፎርኒያ ወረቀት ትወዳለች። በዚያ ቤት ለያንዳንዱ አረጋዊ አንድ ወፍራም ባይንደር አለ፤ ምን እንደበሉ፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ እንዴት እንደዋሉ ይጻፍበታል። ከአይናዲስ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ «ደህና፣ ደህና፣ ደህና» እያለች ሞልታ የሄደች ናት። አይናዲስ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንላትም። በቸርቿ የምትታወቀው በእውነተኛነቷ ነው፤ እግዚአብሔር የሚያየውን ነገር አሳንሳ አትጽፍም። ስለዚህ በየቀኑ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠብቃ፣ በደንብ በሚነበብ እንግሊዝኛ ጻፈች፤ ተረብሸዋል፣ ፊታቸውን መቱ፣ ትርጉም የሌለው ነገር ተናገሩ። አንድ ቀን ከጓሮው አጥር ሥር ተንበርክከው አፈሩን ሲጭሩ አገኘቻቸው። «ሽንኩርቱን ማን ነቀለው?» አሏት ተቆጥተው። ሮጣ ከወጥ ቤት አንድ ራስ ሽንኩርት አምጥታ ሰጠቻቸው። አገላብጠው አዩትና ሣቁባት፤ ከመጡ ወዲህ የሣቁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ይሄ የሚበላው ነው ልጄ» አሏት። እሱንም ጻፈችው፤ ግራ ተጋብተው ግቢ ውስጥ ሽንኩርት ይፈልጋሉ ብላ።

ጉንጫቸው ግን ጠቆረ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ እትዬ ውባየሁ፣ አገጫቸውን ይዘው ወደ ብርሃን እያዞሩ። «አይናዲስ፣ ምንድን ነው ይሄ? ነገ የመንግሥት ተቆጣጣሪው፣ ላይሰንሲንግ፣ መጥቶ ቢያያቸው ራሳቸውን መቱ ብል የሚያምነኝ ማን ነው? መቷቸው ነው የሚለው! እኔን ነው የሚለኝ!»

«ባይንደሩ ላይ ሁሉንም ጽፌዋለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«ባይንደር ፊት አይሸፍንም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ ይሄ ነገር የበሽታ ብቻ አይመስለኝም። ጅብ፣ እባብ የሚለው ምንድን ነው? የቸርች እህቶችን ጠርተን እንጸልይላቸው እንዴ?»

«የሰው ሃይማኖት ነው እትዬ፤ ልጅቷ ብትሰማ ጥሩ አይደለም።»

«እንግዲህ ካልቆመ ለልጅቷ ኮል አደርግና ሌላ ቦታ ትፈልግላቸው። አምስት ሰው አለብኝ እኔ።»

ሌላ ቦታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይናዲስ ታውቃለች። ኤመሪቪል አጠገብ አንድ ትልቅ ቤት ሠርታ ነበር፤ መቶ አርባ ሰው፣ ረጅም ኮሪደር፣ ሰው ጠርቶ ጠርቶ የሚደክምበት። ሐጅ እዚያ ሄደው «ውኃ» ቢሉ በአረብኛ የሚሰማቸው የለም። ያን ሌሊት አልተኛችም ማለት ይቻላል። እሳቸውን እዚህ ቤት የምታቆይበትን ዘዴ ስታሰላስል አደረች፤ ያገኘችውንም ዘዴ ያገኘችው በፍቅር ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ክፉ ሴት አይደለችም።

የሐጅ ነገር ሁልጊዜ ከአሥር ሰዓት ተነሥቶ አሥራ አንደኛው ጥፊ ላይ ይከፋ ነበር። አሥሩን ጥፊ ደረቅ ባለ ድምፅ፣ ትምህርት እንደሚያስጠና ሰው ይጨርሱታል። አሥራ አንደኛው «የሙሽራዋ ጉድጓድ» ነው። እሱ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሰበራል፤ ዓይናቸው ይሞላል፤ ጥፊው ይበረታል። አይናዲስ ይህን ማየት አልቻለችም፤ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ትታቸው ወጥ ቤት ትገባ ነበር። በማግስቱ አንድ ስኒ እርጎ ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠችና ልክ «የሙሽራዋ ጉድጓድ» ብለው እንደመቱ እጃቸውን ቀስ ብላ ያዘቻቸው፤ ማንኪያውን ወደ አፋቸው አስጠጋች። ሐጅ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሴት ልጅ ያጎረሰችውን አይመልሱም። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዋጡ፣ አላህ ይስጥሽ አሉ። ከዚያ አንድ ነገር እንደጠፋው ሰው ግራ ቀኝ አዩና ዝም አሉ።

ሠራ! ባይንደሩ ላይ ጻፈችው። ነርሷም አመሰገነቻት፤ ለሌሎች ቤቶች ምሳሌ ይሆናል አለቻት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ፣ የሙሽራዋ ጉድጓድ ላይ፣ ማንኪያ።

አሥራ አንድ ጥፊ ግን ገና አሥራ አንድ ጥፊ ነው፤ ጉንጫቸው አልነጣም። በኅዳር ሐኪሙ ትንሽ ክኒን አዘዘ፤ ተፈጭቶ እርጎው ውስጥ የሚገባ። በታኅሣሥ መጠኑን ጨመረው። ለሉብና በስልኳ የሚፈረም ፎርም ተላከላት፤ «ራስን የመጉዳት ባህርይ» ይላል። ጦርነት አይተው የመጡ ሰው ናቸው፤ ሚስት ቀብረዋል፣ ልጅ ቀብረዋል። አልቅሳ ፈረመች። «ከሰዓት በኋላ ባትመጪ ይሻላል» አለቻት አይናዲስ ለልጅቷ አዝና፤ «አሥር ሰዓት ላይ ደስ አይሉም። ጠዋት ጠዋት ነይ።» ሉብናም በየቅዳሜው ጠዋት ከሳን ሆዜ እየነዳች ትመጣለች፤ እጃቸውን ይዛ ትቀመጣለች፤ ስትሄድ በር ላይ ያንኑ ትጠይቃለች።

«ስለ መንደሩ አላወራም?»

«ምንም አላሉም። ሲሉ እደውልልሻለሁ።»

ጥር ሲገባ ጥፊው ቆመ። መጀመሪያ ከአሥራ አንድ ወደ ስድስት ወረደ፣ ከዚያ ወደ ሁለት፤ ከዚያ እጃቸው ጉንጫቸው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀር ጀመር። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ እሱም ተወ። ጉንጫቸው ጸዳ። ላይሰንሲንግ መጣ፤ ፍሪጁን ከፍቶ፣ ባይንደሩን ገልጦ፣ እትዬ ውባየሁን ጨብጦ ሄደ። ባይንደሩ ላይ «ተረጋግተዋል፣ ተረጋግተዋል፣ ተረጋግተዋል» ይላል፤ በአይናዲስ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም። አሥር ሰዓት ሲሆን ቤቱ ይጨንቃታል። የሎሚው ጥላ አጥሩ ጋ ይደርሳል፣ ሐጅ እዚያው እንደተጎለቱ ናቸው፤ ዓይናቸው ተከፍቶ የሚያይ አይመስልም። ፍሪዌዩ ያጉረመርማል። አንድ ቀን ሳህን እያደረቀች አፏ በራሱ ሲናገር ሰማችው፤ «የጅብ በለስ። የዕውሩ በር። የአህያዋ ኮርቻ።» ደነገጠች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ኋላዋ ዞረች። እትዬ ውባየሁ ያሉት መንፈስ ወደ እሷ የተሻገረ መስሏት ያን ቀን ጌታን እየጠራች ወደ ቤቷ ሄደች።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሉብና እየሮጠች ገባች። ጫማዋን እንኳ በር ላይ አላወለቀችም።

«አንድ ገጽ አገኘን!» አለች።

ጋዛ፣ ካን ዩኒስ፣ ድንኳን ውስጥ ያለ የአክስቷ ልጅ ስልኩ ላይ የቆየ የልደት ፎቶ አግኝቶ ላከላት። የስድስት ዓመት ልጅ ኬክ ፊት ቆሞ ይሥቃል። ከኬኩ ጀርባ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ተከፍቶ የተረሳ ደብተር አለ። ሉብና ሌሊቱን ሙሉ ፎቶውን ስታጎላና ስታጠራ አድራለች። ከሐጅ ፊት ተንበረከከችና ስልኩን ወደ ዓይኗ አቅርባ፣ በዚያ በተሰባበረ አረብኛዋ ጮክ ብላ ታነብላቸው ጀመር።

«የዴይር ሰልማ መንደር መሬቶች፤ አርባ ሦስት ስም፤ ከሰሜኑ ወሰን ጀምሮ እየዞርን» አለች። «አያቴ፣ ትሰማኛለህ? አንደኛ፣ የጅብ በለስ። ሁለተኛ፣ የዕውሩ በር።»

አይናዲስ የታጠፈ አንሶላ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ሦስተኛ፣ የአህያዋ ኮርቻ። አራተኛ፣ ሰባቱ እህትማማች። አምስተኛ፣ የነጋዴው ጥላ። ስድስተኛ...» ሉብና ስልኩን ገለባበጠችው። «ስድስተኛው ላይ የልጁ ክርን አለ። ከዚህ በኋላ አይታይም።»

«ቀይ ምላስ» አለች አይናዲስ።

ሉብና ቀና አለች።

«ስድስተኛው ቀይ ምላስ ነው» አለች አይናዲስ እንደገና፤ ድምፁ የሷ አልመስል አላት። «ከዚያ የመበለቷ ምንጣፍ። ወተት ያጣችው። የእባብ አልጋ። የሼኹ ክርን። የሙሽራዋ ጉድጓድ።»

አንሶላው ከእጇ ወደቀ። ማንም አላነሣውም።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» አለች ሉብና በእንግሊዝኛ፣ በጣም ቀስ ብላ።

«እሳቸው... በየቀኑ ይሉት ነበር። አሥር ሰዓት ላይ። ጥፊ በመቱ ቁጥር።»

«ምን ጥፊ?»

«ፊታቸውን ሲመቱ። የፈረምሽው እኮ ነው።»

«እዚያ ላይ ጥፊ አይልም!» ጮኸች ሉብና። «ራስን መጉዳት ነው የሚለው! እኔ ጭንቅላቱን ከግድግዳ የሚያጋጭ ነው የመሰለኝ!» ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እዚያው ሆና ነገረቻት። የሐጅ አባት በየዓመቱ ከእርሻ በፊት፣ ከሰዓት በኋላ በአስር ሶላት ጊዜ፣ ልጁን ይዞ የመሬቱን ወሰን ይዞር ነበር። በየወሰኑ ላይ የማይበላ የዱር ሽንኩርት ይተከላል፤ ውኃ ባያገኝ አይሞትም፣ ቢነቀልም ከሥሩ ይመለሳል። እያንዳንዱ ሽንኩርት ጋ ሲደርሱ አባትየው የመሬቱን ስም ይጠራና ልጁን ጉንጩ ላይ ጧ ያደርገዋል፤ እንዳይረሳው። «አያቴ ስልክ ላይ እየሣቀ ይነግረኝ ነበር» አለች ሉብና። «በጥፊ የተማርኩትን ማንም አይወስድብኝም ይለኝ ነበር።»

አይናዲስ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ጓሮው ውስጥ ሽንኩርት ይዛላቸው የሮጠችበት ቀን ትዝ አላት፤ ሣቃቸውም። እፍረቱ ከእግሯ ጀምሮ አነደዳት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ስጠይቅሽ» አለች ሉብና፤ «ምንም አላሉም ነበር የምትዪኝ።»

«አዎ።»

«አምስት ወር።»

«ወረቀት ላይ እንኳ ጽፌዋለሁ» አለች አይናዲስ፤ እንባዋ ሽርጧ ላይ እየወረደ። «ትርጉም የለውም ብዬ ጽፌዋለሁ።»

ሉብና አልሰደበቻትም። ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ፊቷን በሻርፗ ጠርጋ ስልኳን አወጣችና የመቅጃውን ቀይ ነጥብ ነካች። «በይው» አለች። አይናዲስ በዚያ በወጥ ቤት አረብኛዋ አሥራ አንዱን ስም ከነዜማው፣ ሐጅ ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ ላይ ትንፋሽ እየወሰደች፣ አለችው። የሙሽራዋ ጉድጓድ ላይ ቆመች።

«ከዚያስ?»

«አላውቅም።»

«አርባ ሦስት ነው እኮ። ከጉድጓዱ በኋላ ምን ይላል?»

«ከጉድጓዱ በኋላ ሰምቻቸው አላውቅም» አለች አይናዲስ። «እጃቸውን እይዛቸው ነበር።»

ሐኪሙ ክኒኑ በአንዴ አይቆምም፣ በየሳምንቱ እየተቀነሰ ነው አለ። እትዬ ውባየሁ ነገሩን ሲሰሙ «ጉንጫቸው ቢጠቁርም ይጥቆር። ላይሰንሲንግን እኔ አናግረዋለሁ» አሉ። የእሳቸው ነገር እንዲህ ነው፤ አንዴ ይጮኻሉ፣ አንዴ ሰውን ያስለቅሳሉ። አይናዲስ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ስልኳን ከፍታ ከወንበሩ ፊት ተቀመጠች። አንደኛ ሳምንት፣ ምንም። ሁለተኛ ሳምንት፣ ምንም። በሦስተኛው ሳምንት ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። በአራተኛው ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ተነሥቶ አንድ ስንዝር ያህል አየር ላይ ቆየና ወረደ። ለሉብና ደወለችላት። ሁለቱም ስልኩ ላይ አለቀሱ።

ክኒኑ ሙሉ በሙሉ በቆመ በአሥረኛው ቀን፣ በመጋቢት፣ ቅዳሜ ነበር። ሉብና ከጠዋት ጀምራ እዚያው ዋለች። ምሳ በሉ፤ ሐጅ አሸለቡ። እትዬ ውባየሁ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ሌሎቹን አረጋውያን ወደ ፊት ለፊቱ በረንዳ ወሰዷቸው። አይናዲስ ሳህን አላጠበችም። ዓይኗን ከሎሚው ጥላ ላይ አላነሣችም። እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም።

ጥላው አጥሩ ጋ ደረሰ። ሐጅ ሸውቂ ዓይናቸውን ገለጡ። ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«የጅብ በለስ» አሉ። ጧ!

ሉብና ሻርፗን በጥርሷ ነከሰች። ስልኩ ወንበሩ ክንድ ላይ ነው፤ ቀይዋ መብራት በርታለች።

«የዕውሩ በር።» ጧ! «የአህያዋ ኮርቻ።» ጧ! ድምፃቸው ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ደካማ ነው፤ ስሞቹ ግን አልተዛነፉም። ሰባቱ እህትማማች። የነጋዴው ጥላ። ቀይ ምላስ። አይናዲስ ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው፤ እጇን አላመነችውም። የመበለቷ ምንጣፍ። ወተት ያጣችው። የእባብ አልጋ። የሼኹ ክርን።

«የሙሽራዋ ጉድጓድ» አሉ ሐጅ። ጧ!

እጃቸው ወደ ጉልበታቸው ወረደ።

«ከዚያስ አያቴ?» አለች ሉብና በሹክሹክታ፣ በአረብኛ። «ከጉድጓዱ ወዴት ነው?»

ሐጅ ሸውቂ ወደ እሷ አልዞሩም። ወደ አይናዲስ ዞሩ። ትንሽ አዩዋትና አፋቸውን ከፈቱ።

አንድ ነገር ሊሉ ነው ብለው ሁለቱም ወደፊት አዘነበሉ። ሐጅ ግን አገጫቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ አፋቸውን እንደከፈቱ፣ ይጠብቁ ጀመር።

«የለም ሐጅ» አለች አይናዲስ። «ዛሬ እርጎ የለም። እባክዎ ይቀጥሉ።»

አፋቸውን አልዘጉም።

እጃቸውን አነሣችላቸው። በገዛ መዳፋቸው ጉንጫቸውን ቀስ ብላ መታቻቸው፤ ከዚያ ጠንከር አድርጋ፤ ከዚያ እንደ አባታቸው። ሐጅ ለምን እንደምትመታቸው ያልገባቸው ሰው ሆነው በትሕትና አዩዋት። መንጋጋቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሉብና አሁንም «ከጉድጓዱ ወዴት ነው? ከጉድጓዱ ወዴት ነው?» ትላለች። ጥላው አጥሩን አልፎ ወደ ጎረቤት ግቢ ገባ።

በመጨረሻ ሉብና ራሷ ፊቷን አዞረች። «ስጪው» አለች።

አይናዲስ ተነሥታ ወጥ ቤት ሄደች። ክኒን ያልገባበት እርጎ ስኒ ላይ አድርጋ ተመለሰችና አጎረሰቻቸው። ዋጡ። «አላህ ይስጥሽ ልጄ» አሉና ወንበራቸውን ተደገፉ። ስልኩ የወንበሩ ክንድ ላይ እንደተቀመጠ፣ ማንኪያው የስኒውን ቂጥ ሲጭር፣ ጥርሳቸውን ሲነካ፣ ድምፁን እየቀዳ ነበር።